ስምንተኛው ጉቶ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፣ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፣ «ሠላሳ አራት ዓመት ከእሳት ጋር የታገለ ጀግና» ብለው አጨበጨቡልኝ። ንግግሩን ያደረገው ሰው እሳት የሚያውቀው በክብሪት ነው። እኔም አብሬ አጨብጭቤ ተቀመጥኩ። ስላጠፋሁት እሳት ሌላው ይናገር፤ እኔ የምጽፈው ስላስነሳሁት ነው።

ጻፍ ያለችኝ ኃላፊያችን ኢንጂነር ሰላማዊት ናት። «ለአዲስ ሠልጣኞች እናነብላቸዋለን ጋሽ ደምሴ፤ ሁለት ገጽ ይበቃል» አለችኝ። አልበቃኝም። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ የጻፍኩትን ግን አልሰርዝም።

ነገሩ ይኸው ነው። በእኛ ጣቢያ አመድ መጠበቅ የሚባል አሠራር ነበር። እሳቱ ጠፍቶ ሁሉም ሲመለስ በማግስቱ አንድ ሰው እዚያው ይውላል፤ አመዱን እየዞረ ያያል። ይህ አሠራር በእኔ ጥፋት ቀረ። እንዲመለስ ማድረግ የነበረብኝም እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ ስድስቱ ፍርሃት ብቻ ነው።

የተወለድኩት ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ ባህር ዛፍ መሐል ነው። አባቴ ይቆርጣል፣ እኔ ተሸክሜ ወደ ከተማ አወርዳለሁ። ትምህርት ቤት የማውቀው እንጨት ተሸክሜ በአጥሩ ሳልፍ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመቴ ጫካው ተቃጠለ። የሰፈሩ ሰው ቅርንጫፍ ይዞ ወጣ፣ እኔም ወጣሁ። ቀዩ መኪና ዳገቱ አልወጣ ብሎት ከታች ቆሟል፤ ሠራተኞቹ አካፋ ይዘው በእግራቸው መጡ። ከፊት ያሉት አጭር፣ ጠይም ሰው ነበሩ። ሃምሳ አለቃ በየነ ይባላሉ፤ ከሠራዊት ወጥተው የእሳት አደጋ ፈረቃ አዛዥ የሆኑ።

«አንተ ረጅሙ» አሉኝ። «እሳቱን ከጎኑ ነው የምትመታው። ማን አስተማረህ?»

«ከፊቱ ስቆም ያቃጥለኛላ።»

«ትምህርቱ እሱ ነው። ሰኞ ጣቢያ ና።»

ደሞዙ ትንሽ፣ ቦት ጫማው ትልቅ ነበር። ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሃምሳ አለቃ ሰው አያሞግሱም። ከእሳት ስንመለስ ማንም ሳይበላ ቱቦው ታጥቦ የጣቢያው ማማ ላይ ተሰቅሎ መድረቅ አለበት። እርጥብ ቱቦ ከተጠቀለለ ይሻግታል፤ የሻገተ ቱቦ ደግሞ ሰው እየነደደ ይፈነዳል። አንድ ቀን ርቦን ሳናደርቅ ጠቀለልነው። አልተቆጡም። የራሳቸውን ምሳ ትተው፣ አሥራ አንዱን ቱቦ ብቻቸውን እየፈቱ ማጠብ ጀመሩ። እኛ አፋችን ያስገባነው አልወርድ አለን። የተዘጋ በር ሲያገኙ ጓንታቸውን አውልቀው በእጃቸው ጀርባ ይነኩታል። መዳፍህ ከተቃጠለ ምንም አትይዝም፣ የእጅህ ጀርባ ቢቃጠል ግን ሥራህን ትጨርሳለህ ይሉ ነበር።

ትልቁ ነገራቸው ግን ፌሮ ነበር። ከግንባታ ቦታ ክንድ ተኩል የሚሆን ፌሮ አስቆርጠው ጫፉን አሹለውታል። የባህር ዛፍ እሳት ከላይ ስላጠፉት አይጠፋም። ጉቶ ውስጥ ይገባል፤ ሥሩን ይዞ እንደ ፍልፈል ከመሬት በታች ይሄዳል፤ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ስለዚህ ፌሮውን በየጉቶው ሥር ይሰኩታል፣ እስከ ሠላሳ ይቆጥራሉ፣ ነቅለው ጫፉን ይዳስሳሉ። ከሞቀ ይቆፈራል፣ ውሃ ይጠጣል። ከቀዘቀዘ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ይሰካል። አመድ ጠባቂ ከንጋት እስከ ምሽት የሚሠራው ይህን ነው። እንደሱ የሚሰለች ሥራ አላየሁም። ሁላችንም እንጠላው ነበር።

እኔ ደግሞ ሌላ በሽታ ነበረብኝ፤ ኳስ። የሰፈራችን ቡድን አረንጓዴ ማሊያ ነበረው፤ ሜዳው ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ያለ፣ አቧራው ተጫዋቹን የሚሸፍን ሜዳ። እኔ የቡድኑ አስጨፋሪ ነበርኩ። አስጨፋሪ ጨዋታ አያይም፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ደጋፊው አዙሮ፣ ፊሽካ እየነፋ ያዘፍናል። ጎል መግባቱን የሚያውቀው ከሰው ፊት ነው። ጣቢያ ይቀልዱብኛል።

«ደምሴ፣ ጨዋታው እንዴት ነበር?»

«ግሩም ነበር።»

«አየኸው?»

«አላየሁትም።»

እኔ በተለይ የማየው አንድ ፊት ነበር። ማሞ የሚባል የጋሞ ሸማኔ ነው፤ ቤቱ ከጫካው ሥር። ሁልጊዜ ከፊት ረድፍ ይቆማል። ስንስት ፊቱ ይጨማደዳል፣ ስናገባ ሌላ ሰው ይሆናል። የብዙ ዓመት ጨዋታ ያየሁት በማሞ ፊት ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጫካው ተቃጠለ፤ ሲመሽ አጠፋነው። የእሑድ አመድ ጠባቂ እኔ ሆንኩ። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ የዋንጫ ጨዋታ ነበረን።

ሃምሳ አለቃ ጠዋት ፌሮውን ሲሰጡኝ ትንሽ አዩኝ። «ጨዋታ አለ አሉ።»

«አለ።»

«ውጤቱን ሰኞ ትሰማለህ» ብለውኝ ወረዱ።

ስምንት ትልልቅ ጉቶ ነበር። ጠዋት ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ወጋሁ፤ ቀዝቃዛ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ሦስተኛውን ዙር ጀመርኩ። ሰባቱን ወጋሁ፤ ቀዝቃዛ። ስምንተኛው ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ ወርዶ ለመውጣት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ቆሜ ከላይ አየሁት። ጭስ የለውም። ከታች የከበሮ ድምፅ ይሰማል። ፌሮውን ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቄ ወደ ሜዳው ሮጥኩ።

ለዚያች ሩብ ሰዓት ሰበብ ስፈልግ ኖሬያለሁ። አንድም አላገኘሁም።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ነው። ደጋፊው በሰሜን በኩል ቆሟል፤ እኔ ፊቴ ወደ እሱ፣ ወደ ተራራው። ከማሞ ራስ በላይ ጭስ አየሁ። መጀመሪያ ነጭ ነበር። ቀጥሎ ቢጫ ሆነ፤ ይህ እርጥብ ቅጠል ነው። ከዚያ ጠቆረ። የጠቆረ ጭስ ቅጠል አይደለም፤ ቤት ነው። ፊሽካዬን በኃይል ነፍቼ እጄን ወደ ተራራው ዘረጋሁ። ደጋፊው አዲስ ጭፈራ መሰለው፤ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ዘለለ። ማሞ ከሁሉም በላይ ይዘላል፣ ይስቃል። ሰውን ገፍቼ ደረስኩበትና ትከሻውን ይዤ አዞርኩት። ፊቱን ሳላይ የቀረሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስንደርስ የማሞ ቤት ጣሪያ ወድቋል፤ እሳቱ የወረደው ከስምንተኛው ጉቶ በኩል ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው። ባለቤቱ አስቴር ልጆቹን አውጥታ፣ ለበዓል የታዘዘውን ጥበብ ልታወጣ ተመልሳ ገብታ ሁለት እጇ ተቃጥሏል። ጥጥ ፈታይ ነበረች። ጣቶቿ ከዚያ ወዲህ እንዝርት አላሾሩም።

ማሞ ደግሞ ለሰፈሩ ምን ይል ነበር መሰላችሁ? «ደምሴ ባያየው ሌላውም ቤት ይነድ ነበር።» ባገኘኝ ቁጥር ያቅፈኛል። ሃያ ሁለት ዓመት አቀፈኝ።

ለሃምሳ አለቃ እዚያው የተቃጠለው ቤት አጠገብ እውነቱን ነገርኳቸው። ማክሰኞ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። «ጣትህን አድርግ።»

«ምን ይላል?»

«እሳት ተነሳ፣ እሳት ጠፋ ይላል።»

አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። እኔ መባረሬን ስጠብቅ፣ ወር ሳይሞላ እሳቸው ከአዛዥነት ተነስተው ንብረት ክፍል ተመደቡ። ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ ማስታወቂያ ወጣ፤ ጓደኛዬ አነበበልኝ። አመድ መጠበቅ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል ይላል። ጣቢያው በሙሉ ደስ አለው። እኔ ግን ነገሩ አልገባኝም፤ ማንንም ለመጠየቅ ደግሞ ፈራሁ።

ጣቴ ያለበት ወረቀት ምን እንደሚል ለማወቅ የማታ ትምህርት ገባሁ። የልጆች ዴስክ ሥር ጉልበቴ አልገባ ብሎ በጎኔ እቀመጥ ነበር። መምህርቷ ልጅ እግር ናት።

«ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉበት ነው የሚማሩት?» አለችኝ።

«አንዲት ወረቀት ላነብ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አቆማለሁ።»

አላቆምኩም። ማንበብ ከለመዱ በኋላ የሱቁም፣ የመድኃኒቱም፣ የታክሲውም ጽሑፍ ሳይጠሩት ያናግራል።

በአርባ አራት ዓመቴ የፈረቃ መሪ ሆንኩና የፋይል ሣጥኑ ቁልፍ እጄ ገባ። ያችን ወረቀት ለማንበብ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። «አመድ ጠባቂው ደምሴ ከንጋት ጀምሮ ከቦታው አልተለየም፣ እሳቱ የተነሳው በድንገተኛ ነፋስ ነው፣ አንድ ሰው ብቻ የመደብኩት እኔ ስለሆንኩ ኃላፊነቱ የኔ ነው»፤ የሃምሳ አለቃ ጽሑፍ ይህ ነበር። ከሥሩ የበላይ መልስ ተያይዟል። ጠባቂ ተቀምጦም እሳቱ ከተነሳ አሠራሩ ፋይዳ ስለሌለው ይቅር ይላል።

ያን ጊዜ ገባኝ። እኔን ለማዳን ብለው ዕድሜያቸውን የለፉበትን አሠራር በገዛ እጃቸው ቀብረውታል። እኔ ተቀምጬ ነበር ከተባለ፣ መቀመጥ አይረባም ማለት ነዋ።

ንብረት ክፍል ሄድኩ። ባልዲ እየቆጠሩ ነበር። «ፋይሉን አየሁት» አልኳቸው።

ቀና ሳይሉ «ማንበብ ቻልክ?» አሉ።

«ቻልኩ።»

«እንግዲያው ዝም ማለትም ቻል። አራት ልጅ አለህ። የውሸት ሪፖርት ደግሞ ሁለታችንንም ያሳስራል።»

«ጫካውስ?»

«ቆጠራውን አሳሳትከኝ» አሉና ከመጀመሪያው ባልዲ ጀመሩ።

ዝም አልኩ። ትእዛዝ ነው ብዬ ተጠለልኩበት። እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ ልጆቼ አድገው ቤት ያዙ፤ እኔ አሁንም ዝም። በየበጋው ጠፋ ብለን የተውነው እሳት ይነሳል። በየስብሰባው ነፋስ ነው ይባላል። እጄን አውጥቼ አላውቅም።

ያደረግሁት ነገር ቢኖር በግሌ መጠበቅ ነው። መሪ በሚባለው ሰፈር ተመድቤ ሳለሁ አንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማድ ቤት ተቃጠለ። አጠፋን፣ ፈረቃዬ አለቀ፣ አብረውኝ የነበሩት ሠራተኞች ሄዱ፤ እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የቤቱ ባለቤት መጥረጊያ ይዛ ወጣች።

«ጠፍቷል አይደል እንዴ? ምን ትጠብቃለህ?»

«አላምነውም።»

«እሳቱን ነው ራስህን?»

ሴትዮዋ ማን ነገራት ብዬ ቀና ብዬ አየኋት። ለነገር አልነበረም፤ ደክሟት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግድግዳውን በእጄ ጀርባ ስነካው ሞቀኝ። የመብራቱ ገመድ ከልስኑ ሥር ይጨስ ነበር። ቆጣሪውን አጥፍተን ልስኑን አፈረስነው። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ሳይሆን ተናድጄ ቤቴ ገባሁ። አሠራሩ ይሠራል። እኔም ይህን እያወቅሁ አፌን ዘግቻለሁ።

ባለፈው በጋ ከእንጦጦ ራጉኤል በታች ያጠፋነው እሳት ሦስት ጊዜ ተነሳ። ሦስተኛው ሰው ቤት አጥር ድረስ መጣ። ኢንጂነር ሰላማዊት ድሮን አስነስታ፣ ካርታ ዘርግታ ሰበሰበችን። ጎበዝ ልጅ ናት፤ መኪናውን ሁሉ አዲስ አድርጋዋለች።

«ጋይስ፣ እናጠፋዋለን፣ ይነሳል። ምንድን ነው የምንስተው?»

«ነፋስ ነው» አለ አንዱ።

«አይደለም» አልኩ። ጡረታዬ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዝም ብል በክብር እሸኛለሁ። «የሚጠብቅ ሰው የለም። እሱ ነው።»

«እሱማ ተሞክሮ አልሠራም ጋሽ ደምሴ። ፋይሉን አይቼዋለሁ፤ ሰው ተቀምጦ ነው የተነሳው።»

«አልተቀመጠም። ያ ሰው እኔ ነኝ። ኳስ ሜዳ ነበርኩ።»

አንዱ ልጅ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ፊቴን ሲያይ ተወው።

ቢሮዋ ወሰደችኝ። «ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አሉ?»

«ፈርቼ።»

«እርስዎ? እሳት ውስጥ ሲገቡ አይቼዎት የለ።»

«እሳት አልፈራም። ወረቀት ነው የምፈራው።»

ከመሳቢያዋ ባዶ ወረቀት አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች። «እንግዲያው ይጻፉት።»

ጻፍኩት። ሃምሳ አለቃ ለምን እንደዋሹም ጻፍኩ። በጣቴ ሳይሆን በፊርማዬ ጨረስኩ። ወደ በላይ ላከችው። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ፤ የሃምሳ አለቃ ጥፋት ዕድሜያቸው ታይቶ ታለፈ፤ ለእሷ ደግሞ አመድ መጠበቅን አንድ በጋ እንድትሞክር ተፈቀደላት።

ማሞ ጋ ሄድኩ። ሊያቅፈኝ ሲነሳ «ቁጭ በል» አልኩት። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ገደሉን፣ ሩብ ሰዓቷን፣ ፌሮውን። እጁ ላይ ያለውን መወርወሪያ አስቀመጠ። አስቴር ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል።

«የሄድከው ለኳስ ነው?» አለችኝ።

«ለኳስ ነው።»

ወደ ባሏ ዞረች። «አንተም እዚያው ነበርክ።»

ማሞ መሬት መሬት አየ። ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። «አሁንስ ማን ይጠብቃል?» አለች።

«የጣቢያው ልጆች ይቀመጣሉ፤ ተፈቅዷል።»

«ሲቀመጡ አሳየኝ።»

ብዙ አልጠበቀችም። በዚያው ወር ከቤቷ በላይ ትንሽ እሳት ተነሳ፤ ጠፋ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ይዣት ወጣሁ። ሁለት ልጆች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ጀሪካንና አዲስ ፌሮ ይዘው ጉቶ ለጉቶ ይዞራሉ። ልጅቷ እየሰካች እስከ ሠላሳ ትቆጥራለች፤ እሱ ስልኩን አውጥቶ ውጤት ሊያይ ሲል «መልሰው፣ ቆጠራ አታበላሽብኝ» አለችው። አንዱ ጉቶ ላይ ቆም ብላ ፌሮውን ነቅላ ዳሰሰችው። «ሞቋል። ቆፍር።» ክንድ ያህል ሲቆፍር ቀይ ፍም ታየ። ሁለት ጀሪካን ውሃ ጠጣና ጸጥ አለ። አስቴር ጉድጓዱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ «እንግዲህ ልውረድ፣ ሥራ አለኝ» አለች። እስከ ቤቷ ሸኘኋት፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ልጆቿ አወራችኝ። ከእሳቱ ወዲህ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሳ አናግራኝ አታውቅም ነበር።

ከዚያ ኮተቤ ሄድኩ። ሃምሳ አለቃ ልጃቸው ቤት ነው ያሉት። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጢማቸውን ግን ተላጭተዋል።

«ተናገርኩ» አልኳቸው።

«ዝም በል ብዬህ ነበር።»

«ብለውኝ ነበር።»

«የማይታዘዝ ሰው ነዋ ያሠለጠንኩት።»

«ኃላፊያችን ሰላማዊት አስፈቅዳ ልጆቹ መቀመጥ ጀምረዋል። ዛሬ ጠዋት አንድ ጉቶ ሲሞቅ ይዘዋል።»

ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ፣ ደግመው አስተካከሉ። «ሴትዮዋ ስንት ሰዓት ነው የምታስቀምጠው?»

«ሃያ አራት።»

«አይበቃም።»

«እርስዎ ያስቀምጡን የነበረው እስከ ምሽት ነበር እኮ።»

«ተሳስቼ ነበር። ንብረት ክፍል ሆኜ ለማሰብ ጊዜ አገኘሁ። አንተ መሄድ አልነበረብህም፤ እኔም ሌሊቱን ባዶ መተው አልነበረብኝም። ለባህር ዛፍ ሁለት ሙሉ ቀን ነው። ከዳገቱ በላይ ያለው ጉቶ ከታቹ ዘግይቶ ይሞቃል፤ ይህንንም አታውቀውም። ንገራት።»

«ነገ እነግራታለሁ።»

«አሁን።»

ደወልኩላት። ሁለት ቃል ሳልናገር ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። ስማቸውን ተናገሩ። ከዚያ ስለ ጉቶ ጀመሩ፤ ስለ ሥሩ አካሄድ፣ ስለ ነፋሱ ሰዓት፣ ስለ ቱቦ ማድረቅ። ድምፃቸው የፈረቃ አዛዥ ድምፅ ሆነ። ልጃቸው ከውስጥ ወጥታ አየቻቸው፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስልኩ ጮክ ስለሚል የሰላማዊት ድምፅ ለሁላችንም ይሰማል።

«ቀስ ይበሉልኝ ሃምሳ አለቃ፣ እየጻፍኩ ነው» አለች።

ሃምሳ አለቃ ቀስ አሉ።